ማየት የሚያስቸግረው ልጅ ለምታሳድጉ፦ ከሃርለሙ ሴናተር የተማርኩት

ይህን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ ማየት የሚያስቸግረው ልጅ ለምታሳድጉ ወላጆች ነው። ሰሞኑን አንዲት እናት ደወለችልኝ። ልጇ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው፤ ለብቻ ክፍል ካልሆነ አንቀበለውም ብለዋታል። ብዙ አወራን፤ ግን በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። እኔና ባለቤቴ ያለፍንበትን፣ ከዚያም በላይ ከአንድ ሰው የሥራ ሕይወት የተማርነውን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ልጃችን የተወለደችው ኒውዮርክ፣ ሃርለም ስንኖር ነው። የዓይኗ ነርቭ በወጉ ሳያድግ ነው የተወለደችው። ሐኪሞች ኦፕቲክ ነርቭ ይሉታል፤ ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነው። ከውጭ ሲያዩት ዓይኗ ደህና ነው። ስለዚህ ያያት ሁሉ «መነጽር አድርጉላት» ይለናል። መነጽር ግን ነርቭ አያድንም። በግራ ዓይኗ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አታልፍም። በቀኙ የምታየው በጣም የቀረበ ነገር ነው። መጽሐፍ ስትይዝ አፍንጫዋ ገጹን ይነካል። ሥዕል ቀብታ ስትነሳ የአፍንጫዋ ጫፍ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ ሆኖ እናገኘዋለን።

እናቴ ከአዲስ አበባ እየደወለች «ጸበል አስጠምቋት፣ ሐኪሙንም አትተዉ» ትለን ነበር። ሁለቱንም አደረግን። ሐኪሙ ነርቩን የሚያሳድግ መድኃኒት እንደሌለ ቁርጡን ነገረን። ከዚያ በኋላ የያዘን ሐሳብ ልጅቷ እንዴት ትማራለች የሚል ነው።

አምስት ዓመቷ ሲቃረብ ትምህርት ቤት ተጠራን። ጠረጴዛውን የከበቡት ሰዎች ብዙ ናቸው። ሳይኮሎጂስት አለች፣ ሶሻል ወርከር አለች፣ መምህራን አሉ። ፊታችን የቀረበው ወረቀት ቀድሞ ተሞልቶ ያለቀ ነው። ልጃችን የተለያየ ጉዳት ካለባቸው ልጆች ጋር በተለየ ክፍል፣ ያውም ከሰፈራችን ራቅ ያለ ትምህርት ቤት እንድትገባ አስበዋል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ይጠቅማታል ብለው ነው። እስክሪብቶውን ወደ ባለቤቴ ገፋ አደረጉለት። እሱ ደግሞ መምህር ያለውን የማይመልስ ሰው ነው፤ እንዲያ ነው ያደገው። ሊፈርም ሲያጎነብስ ክንዱን ያዝኩት። «ቤት ወስደን እናንብበው» አልኩ። ማንም አልተቆጣም።

የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው። ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ አትፈርሙ። ልጃችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልዩ ትምህርት አገልግሎት ሲገባ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ግዴታ ነው። ያለ እናንተ ፊርማ አይጀመርም። ወረቀቱን ወስዶ ማንበብ፣ የሚያውቅ ሰው ማስነበብ መብታችሁ ነው። አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ፤ በነጻ ነው። እንግሊዝኛ ብትችሉም ጠይቁ። የዕለት እንግሊዝኛና የስብሰባ እንግሊዝኛ ለየቅል ናቸው።

ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ አንዲት ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት ይኖሩ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ወደ እሳቸው ወረድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው የሃርለምን ሴናተር አውቃቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም። ያኔ ገና ዜጋ አልሆንኩም፣ ድምፅ አልሰጥም፣ የአሜሪካ ፖለቲካ ሩቅ ነበር ለኔ።

ዴቪድ ፓተርሰን ይባላሉ። ያኔ ከ1985 ጀምሮ ሃርለምን ወክለው በኒውዮርክ ስቴት ሴኔት ተቀምጠው ነበር። የሴኔቱ ዴሞክራቶች በ2002 መጨረሻ መሪያቸው አድርገው መርጠዋቸዋል። ዓይነ ስውር ናቸው። በግራ ዓይናቸው አያዩም፣ በቀኙ ትንሽ ያያሉ። ጎረቤቴ ይህን ሲነግሩኝ ልጄ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ምንጣፉን እየዳሰሰች ትጫወት ነበር።

ታሪካቸውን ከዚያ በኋላ እየፈለግኩ አነበብኩ። በ1954 ብሩክሊን ተወለዱ። የሦስት ወር ሕፃን ሳሉ ጆሯቸውን አመማቸው፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይን ነርቭ ተዛመተ። ለትምህርት ሲደርሱ የኒውዮርክ ከተማ ትምህርት ቤቶች ከሌሎች ልጆች ጋር በመደበኛ ክፍል እናስተምረዋለን የሚል ማረጋገጫ አልሰጡም። ወላጆቻቸው ከከተማ ወጥተው ሎንግ አይላንድ ላይ ሳውዝ ሄምፕስቴድ ቤት ገዙ። የዚያ አካባቢ ትምህርት ቤት መደበኛ ክፍል ተቀበላቸው። ከዚያ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ታሪክ አጠኑ። በ1982 ከሆፍስትራ የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቁ።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ደስ አላለኝም። የሳቸው አባት ባሲል ፓተርሰን ጠበቃ ነበሩ። ራሳቸውም የሃርለም ሴናተር የነበሩ፣ ኋላም የስቴቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት የሆኑ ትልቅ ሰው ነበሩ። ለልጃቸው ብለው ቤት መግዛት ችለዋል። እኔ አረጋውያን የምንከባከብ የሆም ኬር ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። ሎንግ አይላንድ ቤት መግዛት የማይታሰብ ነው። ይህንኑ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። ያኔ ሕጉ አልነበረም፣ አሁን አለ አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ፓተርሰን ትምህርት ሲጀምሩ ትምህርት ቤት አካል ጉዳተኛ ልጅን አልቀበልም ቢል የሚይዘው የፌዴራል ሕግ አልነበረም። ሕጉ የወጣው በ1975 ነው። በ1990 ስሙ ተቀይሮ አይ.ዲ.ኢ.ኤ. ተባለ። ከ3 እስከ 21 ዓመት ላለ አካል ጉዳተኛ ልጅ ለሱ የሚስማማ ትምህርት በነጻ እንዲሰጠው ያዛል። በተቻለ መጠን ጉዳት ከሌለባቸው ልጆች ጋር አብሮ እንዲማርም ያዛል። ለየልጁ በጽሑፍ የሚዘጋጀው እቅድ ነው አይ.ኢ.ፒ. የሚባለው። የፓተርሰን ወላጆች ቤት ገዝተው ያገኙትን እኛ በደብዳቤ መጠየቅ እንችላለን ማለት ነው። ይህ ሲገባኝ ነው ነገሩ የተለወጠው።

ጎረቤቴ የሰፈራችን የአሴምብሊ አባል ቢሮ ላኩኝ። አሴምብሊ የስቴቱ ሌላኛው ምክር ቤት ነው። ብዙ ሐበሻ ይህን አያውቅም፦ በኒውዮርክ እያንዳንዱ የስቴት ተወካይ በሰፈሩ ቢሮ አለው፤ ነዋሪን መርዳት ሥራው ነው። ዜጋ ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ቁጭ አድርጋ ሰማችኝ። ከዚያ ወላጆችን በነጻ የሚያሠለጥንና የሚያማክር ማዕከል ስልክ ሰጠችኝ። እንዲህ ያለ ማዕከል በፌዴራል ገንዘብ በየስቴቱ አለ። ፈልጉት። ጠበቃ ከመቅጠራችሁ በፊት እዚያ ደውሉ።

ወረቀት የሌላችሁም አትፍሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በሰጠው ውሳኔ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ልጆችም በመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ የመማር መብት አላቸው። ልዩ ትምህርቱም በዚያው ውስጥ ነው።

ማዕከሉ ያስተማረኝ ትልቁ ነገር በቃል የተባለ እንዳልተባለ መሆኑን ነው። ሁሉንም በጽሑፍ። የትምህርት ቤቱን ምርመራ ስላልተስማማንበት ሌላ ገለልተኛ ባለሙያ በመንግሥት ወጪ እንዲመረምራት ጻፍን። ወላጅ ይህን መጠየቅ ይችላል። ያገኘናት ባለሙያ የማየት ችግር ባለባቸው ልጆች ትምህርት የሠለጠነች ናት። ልጄን ስታይ መጀመሪያ መጽሐፍ አልሰጠቻትም። መሬት ቁጭ ብላ አብራት ተጫወተች። ስትጽፍ «ይህች ልጅ አእምሮዋ ከእኩዮቿ አያንስም፤ የሚያስፈልጋት መሣሪያና መምህር ነው» ብላ ጻፈች። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ወረቀት ይዘን ገባን። ልጃችን ሰፈራችን ባለው ትምህርት ቤት፣ መደበኛ ክፍል ገባች። ዓይነ ስውራንን የምታስተምር መምህርት በሳምንት ጥቂት ጊዜ እየመጣች እንድታግዛት ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ የፓተርሰንን ስም በዜና በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬን እሰጥ ነበር። ሰው ስለሳቸው ሲያወራ «ተአምር ነው» ይላል። እኔ ማወቅ የፈለግኩት እንዴት እንደሚሠሩ ነው። የምክር ቤት ሥራ ማለት ወረቀት ነው። ረቂቅ ሕግ፣ በጀት፣ ማሻሻያ፣ የመራጭ ደብዳቤ። ይህን ሁሉ አንብቦ ለመጨረስ ዓይን ላለውም ያደክማል። እሳቸው በቀኝ ዓይናቸው ትልልቅ ፊደል አስጠግተው ለትንሽ ጊዜ ማንበብ ይችላሉ እንጂ ብዙ አይገፉም። ስለዚህ ረዳቶቻቸው ሰነዱን በድምፅ ይቀርጹላቸው ነበር። እሳቸው ያዳምጡ፣ ያዳምጡ፣ በቃል ይይዙ ነበር። ንግግር ሲያደርጉ ማስታወሻ አይዙም ነበር።

በኒውዮርክ ሴናተር የሚመረጠው በየሁለት ዓመቱ ነው። በሥራ ወራት ከሃርለም ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ ወደ ኦልባኒ መመላለስ አለ፤ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ላይ እሳቸው ሴናተር በነበሩበት ዘመን ሁሉ ሴኔቱን የያዙት ሪፐብሊካኖች ናቸው። አናሳ ሆኖ ከሃያ ዓመት በላይ መቀመጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። የራስህን ሕግ ማሳለፍ ይከብዳል፤ በመከራከርና ከተቃራኒው ወገን ጋር በመግባባት ነው የምትሠራው። የማስታወስ ችሎታቸው ለዚህ ጠቀማቸው። በ1993 ለኒውዮርክ ከተማ ፐብሊክ አድቮኬት (የነዋሪውን አቤቱታ ለሚከታተለው ሹም ቦታ) ተወዳድረው በፓርቲው ምርጫ ሁለተኛ ወጡ። ተሸንፈው ወደ ሴኔት ሥራቸው ተመለሱ። በ1999 የኒውዮርክ ማራቶንን ሮጡ። በ2002 የዴሞክራቶቹ መሪ ሲሆኑ በስቴቱ ታሪክ እዚያ ቦታ የደረሱ የመጀመሪያው ጥቁር ናቸው።

ከዚህ የወሰድኩት ጆሮ የሚሠለጥን መሆኑን ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ምዕራብ 20ኛ መንገድ ላይ ለዓይነ ስውራን የተዘጋጀ ቤተ መጻሕፍት አለ። መጽሐፍ በድምፅ ያውሳል፣ ቤት ድረስ በፖስታ ይልካል፣ አያስከፍልም። አገልግሎቱ በአገር ደረጃ ከ1931 ጀምሮ ያለ ስለሆነ የትም ስቴት ብትኖሩ ታገኙታላችሁ። አማርኛውን ደግሞ እናቴ በስልክ ተረት እያወራች፣ እኔ እየቀረጽኩ አስተማርናት። የሰማችውን መልሳ እንድትነግረን እናደርጋታለን። ቡና ሳፈላ አጠገቤ ተቀምጣ የአያቷን ተረት በአያቷ ድምፅ ቃል በቃል ስታወርደው እንግዶቹ ይገረማሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የፓተርሰን ታሪክ ብዙ የጠቀመኝ ባገኙት ነገር ብቻ አይደለም። ባላገኙትም ነው።

የሕግ ትምህርት ጨርሰው ኩዊንስ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሠሩ። ነገር ግን የጥብቅና ፈተናውን አላለፉም። ምክንያቱን ሲናገሩ ለማየት ችግራቸው የሚገባው ማመቻቸት (እንደ ተጨማሪ ሰዓት ያለው) እንዳልተደረገላቸው ገልጸዋል። ከታወቀ የሕግ ትምህርት ቤት ተመርቆ፣ ዕውቀቱ እያለ፣ ጊዜ አጥሮ መውደቅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ያኔ አካል ጉዳተኞችን ከአድልዎ የሚጠብቀው ትልቁ ሕግ ገና አልወጣም። ኤ.ዲ.ኤ. የሚባለው የወጣው በ1990 ነው። የሙያ ፈቃድ ፈተና የሚሰጡ አካላትም ማመቻቸት እንዲያደርጉ ያስገድዳል። እሳቸውን አልደረሰላቸውም፤ ልጆቻችንን ግን ደርሶላቸዋል።

ሁለተኛው ብሬይል ነው፤ ነጥቦቹ በጣት እየተዳሰሱ የሚነበቡት ጽሕፈት። ፓተርሰን ብሬይል አልተማሩም። በመደበኛ ክፍል እንደማንኛውም ልጅ እንዲያድጉ ተብሎ ያደጉ ናቸው። ያ ውሳኔ በር ከፍቶላቸዋል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላ ሰው እስኪያነብላቸው እንዲጠብቁ ደግሞ አድርጓቸዋል። ሴናተር ሲሆኑ፣ ቢሮና ረዳት ሲኖራቸው፣ የሚያነብላቸው ሰው አለ። የኔ ልጅ ረዳት የሚቀጥርላት ማን ነው?

ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ችግሩ ፊት ለፊት መጣ። የመጽሐፉ ፊደል እያነሰ ሄደ። ቤት ስትገባ ራሷን ያማታል። ሁለት ገጽ አንብባ ጠረጴዛው ላይ ትተኛለች። ብሬይል ትማር ብለን ስንጠይቅ አንዱ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ «ታያለች እኮ፣ ብሬይል ምን ያደርግላታል?» አለን። ባለቤቴም ከሱ ጋር ተስማማ። ለሱ ብሬይል ማለት ጨርሶ የማያይ ሰው ነገር ነው። ልጄ ታያለች የሚለውን ተስፋ መልቀቅ ከበደው። አባት ነው፣ አልፈርድበትም።

እዚህ ላይ ሕጉን አንብቡ። በ1997 የተጨመረ አንቀጽ አለ። ልጁ ዓይነ ስውር ከሆነ ወይም የማየት ችግር ካለበት ብሬይል መማር አለበት ይላል። ላያስፈልገው ይችላል ለማለት ቡድኑ መጀመሪያ የልጁን የማንበብና የመጻፍ ችሎታ መመርመር አለበት፤ ወደፊት የሚያስፈልገውንም ጭምር። «ወደፊት» የሚለው ቃል ነው ያዳነን። ዛሬ ሁለት ገጽ በዓይኗ ታነባለች፤ ኮሌጅ ስትገባ ሁለት መቶ ገጽ በምን ልታነብ ነው ብለን ጻፍን። መልስ አልነበራቸውም። ብሬይል ተጀመረ።

ትምህርት ቤቱ ፐርኪንስ የሚባለውን የብሬይል መጻፊያ ማሽን አዋሰን። ከባድ ብረት ነው። ስድስት ቁልፎች አሉት፣ ለስድስቱ ነጥቦች። መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወሉ ቅጭል ይላል። ባለቤቴ ከሌሊት ሥራ ገብቶ ቀን ይተኛል፤ የማሽኑ ድምፅ ይቀሰቅሰዋል። አንድ ቀን ተነስቶ መጣ። ልጅቷ የሱን ስም ጽፋ ኖሯል። ጣቱን ይዛ ነጥቦቹ ላይ አሳረፈችለት፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየመራችው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ድምፁ አላነሳም። ፍሪጁ ላይ፣ ቅመም ዕቃዎቹ ላይ የብሬይል ምልክት የለጠፈው እሱ ነው። በርበሬውንና ሚጥሚጣውን የምትለየው በዚያ ነበር።

ነጭ በትሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። «ሰው ሁሉ ሊያያት ነው፣ ሊያዝኑላት ነው» ይል ነበር ባለቤቴ። ፓተርሰንም በትርም መሪ ውሻም አይዙም ነበር፤ ሰው ክንዳቸውን ይዞ ይመራቸዋል። ባለቤቴ ይህንን ማስረጃ አድርጎ ያነሳብኛል። ሐሳቡን ያስቀየረው የኔ ክርክር አይደለም። አንድ ሌሊት እየነዳ መታጠፊያ ላይ አንድ ሰው ድንገት ገባበት። ነጩን በትር ከሩቅ አይቶ ፍሬን ያዘ። በትሩ ባይኖር ሰውየው ያያል፣ ይቆማል ብሎ ያልፍ ነበር። ጠዋት ቤት ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «ለልጅቷ በትሩን አምጡላት» አለ። በትር መያዝንና መንገድ ማቋረጥን የሚያስተምር ባለሙያ አለ፤ እሱንም አይ.ኢ.ፒ. ላይ አጽፉት። በራሱ አይመጣም።

በመጋቢት 2008 የኒውዮርክ ገዥ ኤሊየት ስፒትዘር በድንገት ሥልጣን ለቀቁ። ፓተርሰን ከ2007 ጀምሮ ምክትል ገዥ ነበሩ፤ መጋቢት 17 ቃለ መሐላ ፈጽመው ገዥ ሆኑ። የኒውዮርክ የመጀመሪያው ጥቁር ገዥ ናቸው። በቴሌቪዥን አየነው። የምክር ቤቱ ሰዎች ቆመው አጨበጨቡላቸው፣ የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች። ወረቀት ሳይዙ ተናገሩ። ልጄ ቴሌቪዥኑ ሥር ተጠግታ ድምፁን ታዳምጣለች። በሚቀጥለው ጥር የዓመቱን ትልቅ ንግግር ሲያደርጉም በቃላቸው ነበር።

በ2008 መጨረሻ ደግሞ አንድ ታዋቂ የቴሌቪዥን የቀልድ ዝግጅት ፓተርሰንን እየተደናበሩ የሚሄዱ፣ የት እንዳሉ የማያውቁ ሰው አድርጎ አቀረባቸው። የዓይነ ስውራን ማኅበራት ተቃወሙ። እሳቸውም አካል ጉዳተኛ ሥራ መሥራት አይችልም የሚል መልእክት ያስተላልፋል ብለው ወቀሱ። እኛ ቤት የገባው በሌላ በር ነው። ክፍሏ ያሉ ልጆች ያንን አካሄድ እየኮረጁ ይስቁ ጀመር። አልቅሳ መጣች። መምህርቷን ሄጄ አነጋገርኳት። ጥሩ ሰው ናት። ልጄ ማሽኑን ይዛ ክፍሉ ፊት እንድታሳይ ጋበዘቻት። ተማሪዎቹ ስማቸውን በብሬይል ለማጻፍ ተሰለፉ። መሳለቁ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን ጓደኞች አገኘች። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ዝም አትበሉ፣ ልጁንም ቻለው አትበሉት። መምህሩን በአክብሮት አነጋግሩ፣ ከዚያም በጽሑፍ አስቀምጡት።

የፓተርሰን የገዥነት ዘመን ቀላል አልነበረም። ዎል ስትሪት የወደቀው እሳቸው በገቡ በወራት ውስጥ ነው፤ የስቴቱ በጀት ጎደለ። በ2009 ለአነስተኛ የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል ረጅም እስር የሚያስፈርደውን የቆየ ሕግ አሻሽለው ፈረሙ። ይህ ሃርለም ውስጥ ብዙ ቤት የነካ ሕግ ነው። ሌላው ሌላው አልሆነላቸውም። ትችቱ በዛ፣ በ2010 መጀመሪያ ለምርጫ እንደማይቀርቡ አስታወቁ። በነጻ ባገኙት የቤዝቦል ጨዋታ ትኬት ጉዳይም የገንዘብ ቅጣት ተጣለባቸው። ይህንን ከልጄ አልደበቅኩም። ዓይነ ስውር ባለሥልጣን እንደማንኛውም ባለሥልጣን ይመሰገናል፣ ይወቀሳል፣ ይጠየቃል። እንዲያውም እንደ ሰው የተቆጠሩት ሲወቀሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጄን ፍጹም ሰው ሳትሆን ቦታ አይሰጥሽም ብዬ ማሳደግ አልፈለግኩም።

ከጥብቅና ፈተናው የተማርነውን ሃይስኩል ስትገባ ተጠቀምንበት። የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓትና የብሬይል ወረቀት ለማግኘት ጥያቄው አስቀድሞ መግባት አለበት። መልስ እስከ ሰባት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። አንድ የምናውቃቸው ቤተሰብ ልጃቸው ጎበዝ ስለሆነ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጨማሪ ሰዓት አያስፈልገውም ብለው ሳያጽፉ አሳደጉት። ለፈተናው ሲያመለክቱ ቀድሞ ይጠቀም እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አጡ። ልጁ ጎበዝ ቢሆንም አጽፉ። ሰዓቱን ባይጠቀምበት ምንም አይጎዳውም።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶች ብሬይል የሚያስተምር ቦታ ልጅን ከሰው ይነጥላል ብለው ይፈራሉ። የትነበርሽ ንጉሤን አስቡ። በልጅነቷ ማየት አቆመች፣ ሻሸመኔ ባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ብሬይል ይዛ አደገች። ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች፤ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። እሷ በራሷ ጣት እያነበበች ነው እዚያ የደረሰችው። ለልጄ የሁለቱንም ታሪክ ነው የነገርኳት፤ የፓተርሰንን መደበኛ ክፍል፣ የየትነበርሽን ብሬይል። አንዱን ምረጡ ቢሏችሁ አትምረጡ። ሕጉ ሁለቱንም ይሰጣል።

ልጄ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ይዛለች። በጣቷም በጆሮዋም ታነባለች፤ ባቡር ለብቻዋ ትሳፈራለች። ባለቤቴ አሁንም ከቤት ስትወጣ በመስኮት ያያታል።

ልጃችሁ ሦስት ዓመት ካልሞላው ትምህርት ቤት አትጠብቁ፤ ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ሕፃናት የተለየ አገልግሎት አለ፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ከዚያ በላይ ከሆነ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ዛሬ ጻፉ። ረጅም መሆን የለበትም። የኛ እንዲህ ይል ነበር፦ «የልጃችን የማየት ችግር በትምህርቷ ላይ ጉዳት እያደረሰ ነው። በልዩ ትምህርት ሕጉ መሠረት ሙሉ ምርመራ እንዲደረግላት እንጠይቃለን። ምርመራው ብሬይልን፣ በነጭ በትር መንቀሳቀስንና የወደፊት ፍላጎቷን እንዲጨምር እንፈልጋለን። በስብሰባው ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲገኝ እንጠይቃለን።» ቀኑን ጻፉበት፣ ፈርሙ፣ ኮፒ አስቀሩ። በእጅ ከሰጣችሁ ኮፒያችሁ ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው እንዲፈርሙላችሁ አድርጉ። ምርመራውን ለመፍቀድ የሚልኩላችሁን ወረቀት ፈርማችሁ ስትመልሱ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፤ በፌዴራል ሕግ 60 ቀን ነው። የስቴታችሁ ሊለይ ስለሚችል የወላጆች ማዕከሉን ጠይቁ፣ ቀኑንም ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉበት።